ጣሪያው ወረደ፣ ምርመራው ግን አይቁም፦ ከደሴ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደሴና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በውጭ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደጋግመን እጃችንን ስንዘረጋ እንደምትሰለቹ ይገባናል። እኛም ደክሞናል። ግን ነገሩ ዝም የሚባል አልሆነም።

ስኳር የኩላሊት ጉዳት ማድረሱን በሽንት የምንመረምርበት ክፍላችን ጣሪያ በነሐሴው በረዶ መውረዱን ሰምታችኋል። ቆርቆሮው ከነማገሩ ነው የወደቀው። ፍሪጁ ተጨፍልቋል፤ ውስጡ የነበረው የሽንት መመርመሪያ ኪት በሙሉ ተበላሽቷል። የመመርመሪያው ማሽን ግን ተርፏል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ማታ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ስለሄደች ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን።

በየቅሬው (በየእድሩ) "ያዋጣነው ብር የት ገባ?" የሚል ጥያቄ ተነስቷል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ብሩ ማሽኑን ገዝቷል፣ ፍሪጁን ገዝቷል፣ ክፍሏን አስለስኗል፣ መብራትና ውሃ አስገብቷል። ለኮሚቴ አባል አበል የሚባል ነገር አልተከፈለም። የስብሰባ ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው። ደረሰኙ ሁሉ ተሰድሮ ተቀምጧል፤ የፈለገ ሰው መጥቶ ያገላብጥ። "ጣሪያው ለምን አስቀድሞ አልተቀየረም?" ለሚሉን ደግሞ፣ ወረፋ የያዘ ሕመምተኛ ስለነበር ማሽኑን አስቀድመናል። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ድረስ የመጡ ሰዎች በዚያ ማሽን ተመርምረዋል። ዛሬም ቢሆን ማሽኑን ነበር የምናስቀድመው።

ምርመራው ለምን እንዲህ እንዳንገበገበን በደንብ እንንገራችሁ። ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ አያምም። የኩላሊት ማጣሪያ መላላት ሲጀምር አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከደም ወደ ሽንት ያመልጣል። መጀመሪያ የሚያመልጠው በጣም ጥቂት ስለሆነ የተለመደችው የሽንት ስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ተነክራ ቀለሟ የሚታየው ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ አታየውም። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬአቲኒን የሚባለው ቆሻሻም ቢሆን በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ኩላሊት ብዙ አቅሙን ካጣ በኋላ ነው። የእኛ ማሽን በሽንት ውስጥ ያለውን አልቡሚን ከክሬአቲኒኑ ጋር አመዛዝኖ ይለካል። ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ30 እስከ 300 ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል፤ ግን ገና ሊያዝ ይችላል። ከ300 ካለፈ ብዙ ርቋል።

አንዲት እናት እንጥቀስ። ሰኞ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። ስትሪፗ ሽንታቸው ውስጥ ገብታ ስትወጣ የፕሮቲኗ ምልክት ቢጫ እንደሆነች ቀረች፤ ወደ አረንጓዴ አልዞረችም። በስትሪፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ "ደህና ነዎት እትዬ" ተብለው ይሸኙ ነበር። ያው ሽንት ማሽኑ ላይ 140 አለ። በአንድ ውጤት አይፈረድምና በወራት ልዩነት ተደገመ፤ አሁንም ያው ነው። ሐኪማቸው ኢናላፕሪል ጀመሩላቸው፣ ግፊታቸውንና ስኳራቸውንም ጠበቅ አድርገው ያዙ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ የግፊት መድኃኒቶች የፕሮቲኑን መፍሰስ ይቀንሳሉ፣ የኩላሊቱንም መድከም ያዘገያሉ። እኚህ እናት ዛሬም በርበሬያቸውን እየሸጡ ነው።

ሳይታወቅ ከቆየ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መተኛት ማለት ነው። ወጪው ስንቱን ቤት እንዳራቆተ እናንተው ታውቃላችሁ። ንብረት ሸጦ፣ ልጅ ከትምህርት አስቀርቶ የታከመ ጎረቤት የሌለው ማን አለ?

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ከተነፋ የሚቀር የለም። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቅሬ ድንኳን ይዋዋሳል፣ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። በ2014 ያንን ክፉ ቀን ያለፍነውም እንዲሁ ተደጋግፈን ነው። ለቀባሪነት የምንሮጠውን ያህል በሕይወት ላለው ወገናችን እንሩጥ። ሰደቃ ያሰባችሁ፣ ስለት ያለባችሁ፣ አስራት የምታወጡ፣ እባካችሁ ይቺን ክፍል አስቧት።

አሁን የጎደለን 240 ሺህ ብር ነው። ለቆርቆሮና ለማገር፣ ለፍሪጅ፣ ለመጀመሪያው ዙር ኪት ይውላል። ኪቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ስለሚበላሽ ያለ ፍሪጅ መግዛቱ ዋጋ የለውም። አናጢዎች ጉልበታቸውን በነጻ ሊሰጡን ቃል ገብተዋል፤ አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴም ምስማሩን እችላለሁ ብለውናል። አላህ ይስጥልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ገንዘቡ የሚገባው በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሂሳብ ቁጥሩን ከቅሬያችሁ ጸሐፊ ውሰዱ፤ የክፍሉ በር ላይም ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ ነው። ውጭ ያላችሁ በቤተሰባችሁ በኩል አስገቡ። በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም ሂሳብ አትላኩ፣ አደራ። ደረሰኙንም አትጣሉት፤ ለጸሐፊው አሳዩና መዝገብ ላይ ይስፈርላችሁ።

ቀጠሮ ይዛችሁ የነበራችሁ ስማችሁ አልጠፋም። ክፍሉ ሲከፈት በተራችሁ እንደውላለን። ስትመጡ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ብትይዙ ይመረጣል። ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለባችሁ ውጤቱን ስለሚያዛባው ቀድማችሁ ንገሩን፤ ሌላ ቀን እንቀጥርላችኋለን።

በድጋሚ፦ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ ቁጥሩ ከቅሬ ጸሐፊያችሁ ዘንድ።

ኮሚቴው፣ ደሴ