ከነስርዝ ድልዙ ይታይልን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በጥበብ ዓምዱ አንድን ሠዓሊ ባስተዋወቀ ቁጥር የምናየው ተመርጦ፣ ተቀብቶና ክፈፍ ገብቶ ያለቀውን ሥራ ነው። ዓምዱን በፍቅር ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። ሆኖም በደብረ ብርሃን ከተማ ለታዳጊዎችና ከሥራ መልስ እርሳስ ለሚያነሡ ጎልማሶች ሥዕል ሳስተምር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ተስፋ መቁረጥ፣ አንዱ ምንጩ ጅማሬውን ሳያዩ ፍጻሜውን ብቻ ማየት ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሥዕል የሚማር ሰው ልቡ የሚደክመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይደለም። በዚያን ጊዜ የሠራው ሁሉ ደስ ያሰኘዋል፤ ለቤተሰቡ ያሳያል፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ድካሙ የሚመጣው ጥቂት ከተለማመደ በኋላ፣ ቀድሞ ልብ የማይላቸውን ግድፈቶች ማየት ሲጀምር ነው። ዓይን ከእጅ ቀድሞ ይማራልና ትናንት ያማረ የመሰለው ፊት ዛሬ ጠማማ ሆኖ ይታየዋል፤ ተማሪውም እጁ እየባሰበት የሄደ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ግድፈቱን ማየት መቻሉ ራሱ ትልቅ እመርታ ነው፤ ያላየውን ሊያርም አይችልምና። የሚያሳዝነው ይህን የሚነግረው ሰው ማጣቱና "ተሰጥኦ የለህም" የሚለው ግን በየቤቱ መገኘቱ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በቤታቸው ደጃፍ ጋቢ ደርበው ፀሐይ የሚሞቁትን አያቱን ሲስል ዓይናቸው ላይ ሲደርስ እየሠራ ያጠፋል፣ እያጠፋ ይሠራል። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ሲበሳ "መቼም አይሆንልኝም" ብሎ ደብተሩን ዘጋው። ሥዕሉን ተቀብዬ ስመለከተው ሽፋሽፍቱም የቆዳው እጥፋትም በወጉ ተሠርቷል፤ የተበላሸው የዓይኖቹ ቦታ ነበር። ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እንደሚያደርገው ወደ ግንባር አስጠግቷቸዋል። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቱ መካከል ከአናታቸው እስከ አገጫቸው ያለውን ቁመት እንዲለካ ነገርሁት። ዓይን የሚውለው በዚህ ቁመት እኩሌታ ግድም መሆኑን፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን የሚያህል ስፋት መኖሩን ራሱ ለክቶ ደረሰበት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ተሰጥኦ የሚባለው ነገር የት ጋር እንደገባ እኔ አላየሁም።

ለእንዲህ ያለው ልጅ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ማለት ብዙም አይጠቅመውም፤ ተረቱን ከማንም በላይ ሰምቶታል። የሚጠቅመው ነገ እርሳሱን ይዞ ምን እንደሚያደርግ ማወቁ ነው። መጀመሪያ በስሱ ይንደፍ፤ የተሳሳተውን መስመር ወዲያው በላጲስ ከማጥፋት ይልቅ እያየው አጠገቡ ሌላ ያስምር፤ ሲጠነክርለት ያድምቀው። ሥዕሉን በመስታወት ውስጥ ቢያየው የለመደው ምስል ስለሚገለበጥ ያዘነበለው ጎን ፈጥኖ ይታየዋል። በየሥዕሉ ላይ ቀን ጽፎ ቢያስቀምጥም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነጻጽረው ከራሱ ጋር ይሆናል። በነገራችን ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነው ከተማችን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት በደነዘዘ ጣት የተሠመረ መስመር ቢደርቅና ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም። እጁን ያሙቅና ይመለስ።

የተሰጥኦው ወሬ በጣም የሚበዛው ስለ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሲነሣ ነው፤ እኛ ሰሜን ሸዋዎች ደግሞ የአንኮበር ልጅ ናቸውና ስማቸውን ለማንሣት ሰበብ አንፈልግም። የምንዘነጋው ግን የተማሩትን ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥነ ጥበብ ከዞሩ በኋላ በለንደን በሁለት ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን ካቀረቡ በኋላም በቃኝ ሳይሉ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የባለ ቀለም መስታወት አሠራር አጥንተዋል፣ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ሥዕል መርምረዋል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የመስታወት ሥራ ስናደንቅ፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ ተማሪ ወንበር የተመለሰውንም ሰው ብናስብ ለጀማሪዎቻችን ይበጅ ነበር። በአድባራቱ ዘንድ የቆየው ልማድም ቢሆን ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ንድፍ እየቀዳና ቀለም እየሞላ ይሰነብታል እንጂ በመጣበት ዕለት ሥዕለ አድኅኖ ሳል አይባልም።

ዛሬ ታዳጊዎቹ ሥዕል ሲሠራ የሚያዩት በስልክ ነው። ሰዓታት የፈጀው ሥራ ተፋጥኖ በቲክቶክ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፤ ሠዓሊው ያመነታበት፣ የተወውና እንደገና የጀመረበት ቦታ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ያንን ያየ ልጅ ከአንድ ቅዳሜ ሙሉ ትግል በኋላ በራሱ ቢያፍር አይፈረድበትም።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሠዓሊ ስታነጋግሩ ያለቀውን ሥራ ከሚያሳየው ፎቶግራፍ ጎን አንድ የመጀመሪያ ንድፍ፣ ቢቻል ሠዓሊው ራሱ ያልወደደውንና የጣለውን፣ ለምን እንደጣለውም ከሁለት ዓረፍተ ነገር ባልበለጠ ማብራሪያ አትሙልን። ብዙ ሠዓሊያን እንዲህ ያለውን ወረቀት ለማሳየት ሊያንገራግሩ እንደሚችሉ እገምታለሁ፤ ስለዚህ እኔና ተማሪዎቼ ቀድመን የራሳችንን ከነስርዝ ድልዙ ለመላክ ተስማምተናል፤ በየትኛው አድራሻ እንደምንልክ ብታሳውቁን በዚሁ ወር እናደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥዕል መምህር
ከደብረ ብርሃን