ለኋላ ኮፈን መብራት የራሱ ፊውዝ ይኑረው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ሙያዬ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። አሁን ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ በከተማችን በፍጥነት እየተለመደ የመጣ አንድ ሥራ ነው፤ እሱም በመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ በዕቃ መጫኛው ዙሪያ፣ ተለጣፊ የኤል ኢ ዲ መብራት ማስገባት ነው። መብራቱን አልቃወምም። የምቃወመው ሽቦው የሚዘረጋበትን መንገድ ነው፤ ለጥገና ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች በብዙዎቹ ላይ መስመሩ ከባትሪ በቀጥታ ተስቦ፣ በመካከሉ ፊውዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቀድሞ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ጠባቂ፣ ሳይገባለት፣ በምንጣፍ ሥር ተሸፍኖ አገኘዋለሁ።

መብራቱ ለምን እንደተወደደ በሚገባ አውቃለሁ። ጥር በገባ ቁጥር ሙሽሮችና ሚዜዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ፣ የአጃቢ መኪኖች ኮፈን ተከፍቶ በአበባና በመብራት ማጌጡ የሠርጉ አንድ ክፍል ሆኗል፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም በዚያ አካባቢ በምሽት ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው በርክቷል። ከጌጥ ያለፈ ጥቅምም አለው። ጎሕ ሳይቀድ ዓሣ ለመረከብ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ነጋዴ የሚያውቀው ችግር ነው፤ ፋብሪካው በኮፈኑ ውስጥ ያስቀመጠው አምፖል በአብዛኛው 5 ዋት ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የመጀመሪያው ሣጥን እንደተጫነ ይሸፈናል። በኮፈኑ አፍ ዙሪያ ከላይ የተለጠፈ መብራት ግን ዕቃው እስከ አፉ ቢሞላም ያበራል። ስለዚህ መብራቱን ያስገባ ሰው ሁሉ ለታይታ ያደረገው አይደለም።

ባለፈው ጥር አንድ አባት የልጃቸውን ሠርግ የሚያጅቡበትን ኮሮላ «የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» ብለው አመጡልኝ። መብራቱን በሌላ ቦታ ካስገቡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ምንጣፉን ስገልጠው፣ ሽቦው ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ በሾፌሩ ወንበር ሐዲድ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ሄዷል። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሐዲዱ የሽቦውን ፕላስቲክ ሲፍቀው ቆይቶ፣ በመጨረሻ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ኮንታክት ፈጥሯል። ከዚያ ነጥብ እስከ ባትሪው ድረስ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ ነበር። መኪናው ያልነደደው ሽቦው በጣም ቀጭን በመሆኑ እሳት ከመያዙ በፊት ራሱ ስለተበጠሰ ብቻ ነው። የኋላውን ኮፈን ስከፍት ደግሞ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን አየሁ፤ ከአንድ ቀን በፊት ቤንዚን ይዘውበት እንደነበር ነገሩኝ፤ ሽታው ገና አልለቀቀም ነበር።

ያንን ጀሪካን ካየሁ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መሄድ በእኛ አካባቢ የታወቀ ነው፤ የሚቀመጠውም መብራቱ በገባበት በዚያው ክፍል ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወደ ወለሉ ይወርድና መለዋወጫው ጎማ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን የሚሰጥ ነገር ስለሆነ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ትንሽ የሽቦ ብልጭታ ይበቃዋል። ባዶ የተባለው ጀሪካን በተን የተሞላ በመሆኑ ከሙሉው የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። መብራት ያስገባ ሰው ቤንዚን በኮፈኑ ውስጥ ከመያዝ ፈጽሞ እንዲቆጠብ እለምናለሁ።

ብዙ ሰው «መብራቱ ትንሽ ነው፣ 12 ቮልት ሰው እንኳ አይነዝርም» ብሎ ይከራከረኛል። 12 ቮልት እንደማይነዝር እውነት ነው። የሚያቃጥለው ግን የአምፔሩ ብዛት ነው፤ የመኪና ባትሪ ሞተር የሚያስነሣ በመሆኑ፣ ሽቦው ከብረት ጋር ሲገናኝ በአንድ ጊዜ መቶዎች አምፔር መልቀቅ ይችላል። ፊውዝ የሚገባው መብራቱን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። በዚህም ምክንያት ፊውዙ በመብራቱ በኩል ቢቀመጥ ጥቅም የለውም፤ ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ አልባ ሆኖ ይቀራልና። ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት።

የፊውዙ መጠንም በግምት የሚወሰን አይደለም። በገበያችን በብዛት የሚሸጠው፣ በአንድ ሜትር 60 መብራት ያለው ደማቁ ዓይነት፣ በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። ለአንድ ኮፈን 2 ሜትር ቢበቃ ወደ 29 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 2.4 አምፔር ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ቮልቴጁ ወደ 14 ስለሚጠጋ አምፔሩ ከዚህም ከፍ ይላል። ለዚህ ሥራ ባለ 5 አምፔር ፊውዝና 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ተጣጣፊ ሽቦ በቂ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በባለ 20 አምፔር መተካት ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት መጠቅለል፣ ያልኩትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ለቤት መስመር የሚሠራውን አንድ ወጥ ሽቦ መኪና ውስጥ ማስገባትም አይገባም፤ ንዝረት ሲበዛበት ውስጡ ይሰበራል።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት መብራቱን ከፋብሪካው አምፖል ላይ መቀጠል ነው። የአምፖሉ መስመር የተሠራው ለ5 ዋት፣ ማለትም ግማሽ አምፔር እንኳ ለማይሞላ ጭነት ነው፤ ስድስት እጥፍ ያህል ሲጫንበት የኮፈኑ ማብሪያ ሊቃጠል፣ በአዳዲስ መኪኖችም መስመሩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ በላይ ግን ደንበኞቼን የሚያሰቃየው ሌላ ነገር ነው። በብዙ መኪኖች የኮፈኑ ማብሪያ የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ነጌቲቩን ነው፤ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ እንደበራ ይኖራል። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ፖዘቲቩን ከአምፖሉ ላይ ወስዶ ነጌቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር ካሰረው፣ ኮፈኑ ተዘግቶም መብራቱ አይጠፋም። 2.4 አምፔር ለአንድ ሌሊት፣ ለአሥር ሰዓት ያህል ሲበራ 24 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም ከ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ ነው። ጠዋት መኪናው አልነሣ ሲል ሰው ባትሪውን ይወቅሳል፣ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም በሳምንቱ ይሞታል።

ትክክለኛው መንገድ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ፣ ማስገባት ነው። ከባትሪው በፊውዝ አልፎ የመጣው መስመር በሪሌው 30 ቁጥር ገብቶ በ87 ወደ መብራቱ ይወጣል፤ 85 እና 86 ደግሞ የፋብሪካውን አምፖል ሁለቱን ሽቦዎች ይቀበላሉ። በዚህ ዓይነት የአምፖሉ መስመር የሪሌውን ጥቂት ጭነት ብቻ ይሸከማል፤ ማብሪያው ፖዘቲቩንም ይቁረጥ ነጌቲቩን፣ መብራቱ ከኮፈኑ ጋር አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይጠፋል። መስመሩ ከወንበር ሐዲድ ርቆ በበሩ ሥር ባለው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከዋናው የሽቦ እሥር ጎን ይለፍ። በዚያ መንገድ ላይ ቢጫ ልባስ ወይም ቢጫ ማገናኛ ያለው ሽቦ ካጋጠመ የኤርባግ ነውና አይነካም፤ በቴስተርም አይለካም። መብራቱ በኮፈኑ ክዳን ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሽቦው በማጠፊያው አጠገብ ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ይግባ፤ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ ጥቂት ልል መሆን አለበት።

በሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ እርጥበቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የኮፈኑ ጎማ ያረጀበት መኪና ከወለሉ ውኃ አይጠፋም፤ ዓሣ የሚጭን ደግሞ በጋም ክረምትም የቀለጠ የበረዶ ውኃ ይፈስበታል። ነጌቲቩ ከብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ካልጸዳ፣ በብሎን ጠብቆ ታስሮ ግሪስ ወይም ቀለም ካልተቀባ፣ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ሽቦ ከሽቦ የተጠመዘዘበትና በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መገናኛ አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ተበይዶ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ የተሸፈነው ግን ዓመታት ይቆያል። የመብራቱ ጥቅልም ላዩ በሲሊኮን የተሸፈነ ይሁን። ስለ ቀለሙ አንድ ምክር ልጨምር፦ ነጭ ሰማያዊ የሚያደላበትን ትተው ቢጫ የሚያደላበትን ቢመርጡ፣ በምሽት ከሐይቁ የሚነሡት ነፍሳት ወደ ኮፈኑ የሚገቡት በቁጥር ያነሱ ይሆናሉ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ይህንኑ መብራት ይጠይቁኛል። እነዚህም መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ መብራቱ የሚሳበው ከእሱ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ባትሪ ከሞተ ትልቁ ቢሞላም መኪናው አይነቃም። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ገመዶች ግን ከፍተኛ ቮልት የሚሸከሙና ሰው የሚገድሉ ናቸው፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊጠጋቸው አይገባም።

የሙያ ወንድሞቼን ለማሳጣት አልጻፍኩም። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ደንበኛው ሲቸኩል የፊውዝ መያዣ አልቆብኝ ነበርና፣ «ሲመለስ አስገባለታለሁ» ብዬ መስመር ያለ ፊውዝ ሰጥቼ አውቃለሁ። ሰውየው በማግሥቱ ወደ ጎንደር ሄደው ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ እስኪመለሱ ድረስ ያሳለፍኳቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም። የፊውዝ መያዣ ከመብራቱ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚወስደውም ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ መብራት የሚያስገባ ጋራዥና ሱቅ ሁሉ ሥራውን ሲያስረክብ ፊውዙ የት እንዳለና ስንት አምፔር እንደሆነ ለደንበኛው በዓይኑ እንዲያሳየው እጠይቃለሁ። ለዓመታዊ ቦሎ መኪና የሚመረምሩ ባለሙያዎችም ከባትሪው የሚነሡትን የተጨመሩ ሽቦዎች አንድ ጊዜ ቢያዩ፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ጌጣ ጌጥ ለሚገጥሙ ወጣቶች በዚሁ ላይ ያተኮረ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ቢሰጡ መልካም ነው።

መብራቱን ቀድሞ ያስገባ አንባቢ እስከዚያው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከሚነሡት ሽቦዎች መካከል ቀጭኑን ይከተል፤ በስንዝር ርቀት ውስጥ የፊውዝ መያዣ ካላገኘ ሽቦውን ከባትሪው አስፈትቶ ባለሙያ ጋ ይውሰደው። ከዚያም ማታ ስልኩን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ በኋላው ኮፈን ውስጥ ያስቀምጥ፣ ክዳኑን ይዝጋ፣ ጥቂት ቆይቶም ከፍቶ ቪዲዮውን ይመልከት። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ምስሉ ካልጨለመ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እየበራ ነው ማለት ነው።

ከአክብሮት ጋር

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ባሕር ዳር