ራሱ የቀላ ሁሉ አውራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ ጓሮ ዶሮ እርባታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ መኖና ስለ ክትባት የተባለው ጥሩ ነው፣ ተምሬበታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። «ራሱ ላይ ያለው ሥጋ ከቀላ አውራ ነው፣ ካልቀላ ቄብ ናት» ይላል። በስንት ወሩ እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ በዚሁ ነገር ባለፈው ገና አንዲት ቄብ አጥቻለሁ። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መስከረም መጀመሪያ ላይ 10 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ሻጩ «እናቴ፣ ሁሉም ቄብ ናቸው፣ አይጠራጠሩ» አለኝ። ቀያይም ገብስማም ነበሩ። ገና ወር ሳይሞላ የሦስቱ ራስ ቀላ። እግራቸውም ከሌሎቹ ወፈረ። ኅዳር ላይ አንዱ ሌሊት ጮኸ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለቱን ሸጥኩ፣ አንዱን ለዘር አስቀረሁ። ሻጩ ቢዋሽም መለያውን አወቅሁት ብዬ ተጽናናሁ። የቀላ ሁሉ አውራ ነው ብዬ ያዝኩ።

ታኅሣሥ ላይ ከቀያዮቹ አንዷ ድንገት ራሷ ፍም መሰለ። ከአገጯ ሥር ያለውም ተንጠለጠለ። አካሏ ትልቅ ነው። ጮኻ ግን አታውቅም። «ዘግይቶ የወጣ አውራ ነው» አልኩና ለገና አሰብኳት። ልይዛት እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳርፍ መሬት ላይ ዝቅ አለች። ክንፎቿን ትንሽ ከፈት አድርጋ ጸጥ አለች። የፈራች መሰለኝ።

ልጄ ባረከልኝ። ላባዋን ነጭተን ስበልታት ሆዷ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ቢጫ የእንቁላል ፍሬ ተደርድሯል። አንዱ የሞላ አስኳል ነው፣ ቀጥሎ ያለው ሽንብራ ያህላል፣ ከዚያ ምስር፣ ከዚያ የጤፍ ፍሬ የሚያህል እስኪሆን ድረስ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «እማዬ፣ ይቺ እኮ ሰሞኑን ልትጥል ነበር» አለኝ። ወጡ ተሠራ፣ ቤተሰቡም በላ። እኔ ግን አንጀቴን በላችኝ። አራት ወር ሙሉ ፉሽካና ንፍሮ አብልቼ፣ ብርድ እንዳይመታት ማታ ማታ በር ዘግቼ፣ ልትጥል ስትል አረድኳት።

ከዚያ በኋላ የእንስሳት እርባታ የተማረ የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። ነገሩ ቀላል ነው። ወንዱ ቀድሞ ይቀላል፣ በስድስትና በስምንት ሳምንት አካባቢ። ሴቷም ትቀላለች፣ ግን እንቁላል ለመጣል ስትቃረብ ነው፣ በአምስትና በስድስት ወሯ ገደማ። ስለዚህ በሁለት ወር የቀላ ወንድ ሊሆን ይችላል። በአምስት ወሯ የቀላችውን ግን ለቢላ አትቸኩሉባት። ያ መሬት ላይ ዝቅ ማለቷም ፍርሃት አልነበረም። አውራውን ለመቀበል የደረሰች ዶሮ እንደዚያ ነው የምትሆነው። መጣል መቃረቧን የምትናገረው በዚህ ነው። እኔ ጀርባዋን ይዤ ሳለሁ እየነገረችኝ ነበር።

የማያሳስተው ላባው ነው። ዶሮውን ያዙትና ከጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ላባ እዩ። የአውራው ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጫፉ እንደ ጦር ሹል ነው፣ በግራና በቀኝ ይወርዳል፣ ያብረቀርቃል። የሴቷ ሰፋ ያለና ጫፉ ክብ ነው። ይህ ከሦስት ወር በኋላ ነው ጥርት ብሎ የሚታየው። እኔ ያስቀረሁትን አውራና አንዷን ቄብ ጎን ለጎን ይዤ ሳየው ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ። ያችን ዶሮ አንዴ እንኳ ገልበጥ አድርጌ ባያት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ስታስታቅፍ ሹል እንቁላል ወንድ ነው እያለች ክብ ክቡን ትመርጥ ነበር። ጫጩቶቹ ግን ሁልጊዜ ግማሽ በግማሽ ነበሩ። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ጾታው የሚወሰነው ከእናቲቱ በኩል ነው፣ ቅርፊቱ ሳይለብስ በፊት። የእንቁላሉ ቅርጽ ምንም አይናገርም።

ስለ ሻጮችም አንድ ነገር ልበል። እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን ያሉት የእንቁላል ዝርያዎች በተፈለፈሉ ዕለት በቀለም ይለያሉ፣ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው። ኮኮክ የሚባለውም ዝርያ ሲያድግ ወንዱ ፈዘዝ ይላል፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ሰው ወንዱን ከሴቷ አላወቅሁም ቢል አይታመንም። የተዳቀለውን ግን በ45 ቀኑ ማንም «ሁሉም ቄብ ናቸው» ብሎ ሊምል አይችልም። ሻጩ ዝርያውን ይንገረን። ካላወቀ የተቀላቀለ ነው ብሎ በዚያው ዋጋ ይሽጥ። ለእንቁላል ብላ ያላትን ብር አውጥታ የምትገዛ እናት አውራ ስታሳድግ ከርማ ምን ልታተርፍ ነው?

አሁን ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። አራቱ ይጥላሉ። ሁለቱ ራሳቸው መቅላት ጀምሯል፣ ላባቸው ግን ክብ ነው። ጠዋት ጠዋት ጀርባቸውን እዳስሳለሁ። ትናንት አንደኛዋ ዝቅ አለችልኝ። ወዲያው ጭድ ጎዝጉዤ ማደሪያ አዘጋጀሁላት።

እባካችሁ ይህችን እርማት ፋሲካ ሳይደርስ አውጡልኝ። ብዙ ቤት ቢላ የሚሳለው ያን ጊዜ ነው።

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከደብረ ብርሃን