የዝላዩን ኮድ ማስገልበጥ ብቻውን ማስተማር አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የቴክኖሎጂ ገጹን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ልጆች የመጀመሪያ ጌማቸውን ሲሠሩ ገጸ ባሕሪውን እንዴት እንደሚያዘልሉት።

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ናት። ክረምት ላይ አንድ ሥልጠና ገብታ ነበር። አሠልጣኙ የዝላዩን ኮድ ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው፣ ገለበጡት፣ ሠራ፣ ወደ ቀጣዩ ታለፈ። «የዝላዩ ፍጥነት ለምንድነው ሲቀነስ 400 የሆነው?» ብላ ብትጠይቅ «እሱ እንደዛ ነው፣ አትነካኪው» ተባለች። ቤት መጥታ ነካካችው። ገጸ ባሕሪዋ ጭላዳ ነው፣ የጣርማ በርን ገደል እየዘለለ የሚወርድ። (ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጭላዳ ቀን ሣር ሲግጥ ይውልና ሲመሽ ገደል ላይ ነው የሚያድረው።) አንዲት መስመር አጠፋችና ቁልፉን ስትጫን ጭላዳው ሽቅብ ተነሥቶ ከስክሪኑ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ላፕቶፑን ከደነችና «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» አለችኝ።

ይሄ አንገበገበኝ። ልጅቷ ያጠፋችው የስበቷን መስመር ነበር። ስበት ከሌለ አንዴ ወደ ላይ የሄደ ነገር ምን ይመልሰዋል? ጌሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ እሷም ሳታውቀው ትልቅ ነገር ሞክራለች። ግን ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ደጅ አወጣኋትና አምስት ጠጠር ለቀምን። ቅልብልቦሽ ተጫወቺ አልኳት። አንዱን ወርውራ ሌሎቹን ከመሬት ስታፍስ፣ የተወረወረውን ጠጠር ብቻ እያየሁ ነበር። ከእጇ ሲወጣ ይፈጥናል፣ እየዘገየ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ቆም ይላል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይወርዳል። እጇ የገፋው አንዴ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ የስበት ሥራ ነው። አራቱንም ለማፈስ ጊዜ ስትፈልግ ከፍ አድርጋ ትወረውራለች፣ አንዱን ብቻ ለማንሣት ዝቅ አድርጋ፤ ይሄን ማንም አላስተማራትም፣ እጇ ያውቀዋል።

ጌሙም ይኸው ነው። እሷ የምትጠቀመው ጎዶት የሚባለውን ነፃ የጌም መሥሪያ ነው። እሱ አዘጋጅቶ በሚሰጠው ኮድ ላይ የመዝለያው ፍጥነት ሲቀነስ 400 ነው፣ በቅንብሩ ውስጥ ያለው ስበት ደግሞ 980፣ የፊዚክሱን 9.8 የሚያስታውስ ቁጥር። ሲቀነስ የሆነው ስክሪን ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ነው፤ ደብተር ላይ መስመር ከላይ ወደ ታች እንደምንቆጥረው ማለት ነው፣ ወደ ላይ መሄድ መቀነስ ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ያሰላል። ቁልፉ ሲነካ ፍጥነቱ 400 ይሆናል፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ስሌት ስበቱ 16 ገደማ ይቀንስበታል፣ ከ24 ስሌት በኋላ ምንም ያህል አይቀረውም፣ ጭላዳው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አሁን መውረድ ነው። ለመውጣት 0.4 ሰከንድ፣ ለመውረድም እንደዚያው። ከፍታው 80 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ገደማ።

በጣም ያስደሰተኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዝላዩን እጥፍ ላድርገው ብላ 400ውን 800 አደረገችው። ጭላዳው ያሰበችውን ገደል አልፎ ሄደ። ደጋግማ ሞከረች፣ እያንዳንዱን ከፍታ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ የፊዚክስ ደብተሯን አመጣች። የመነሻው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ለሁለት ጊዜ ስበት ሲካፈል ከፍታውን ይሰጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ከፍታው አራት እጥፍ ነው። «ጋሼ ይሄኮ ተምረነዋል! ፈተና ላይም ወጥቷል!» እጥፍ ከፍታ ለማግኘት የሚያስፈልጋት 566 እንደሆነ ራሷ አስልታ አስገባች። ልክ መጣ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ሌላው ቀላል ነው። ቁልፉ ሲነካ «መሬት ላይ ነው ወይ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ጭላዳው አየር ላይ ሆኖ ደጋግሞ ይዘላል። በሰከንድ 60 ጊዜ ተብሎ ባልተወሰነ ጌም ላይ ደግሞ ስበቱ በሁለት ስሌት መካከል ባለፈው ጊዜ ካልተባዛ ዝላዩ በፈጣን ኮምፒውተር ሌላ፣ እኔ ጋ ለጥገና በሚመጡት አሮጌዎች ሌላ ይሆናል። አንድ የምወደው ነገር ግን ልጨምር። ጥሩ ጌም ሠሪዎች ገጸ ባሕሪው ከገደሉ ጫፍ ካለፈ በኋላም 0.1 ሰከንድ ያህል ዝላይ ይፈቅዱለታል። ተጫዋቹ ይሄን አያየውም፣ «ነክቼው ነበርኮ!» እያለ የሚናደድበት ጊዜ ግን ይቀንሳል። ለሰው ማሰብ ኮድ ውስጥም አለ ስላት የእህቴ ልጅ በዚህ መገረሟን አላቆመችም።

ለአሠልጣኞች የምለው፣ እባካችሁ የዝላዩን ኮድ አስገልብጣችሁ አትለፉ። ልጆቹ ስበቷን ያጥፏት፣ ጭላዳው ይብረር፣ ከዚያ ለምን በረረ ብላችሁ ጠይቋቸው። ለፊዚክስ መምህራንም፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ካለው ይበቃል፣ ያ በእንግሊዝኛ የተሸመደደው ቀመር ስክሪን ላይ ሲዘል ይዩት። መብራት በሌለበት ቀን ጠጠር አለ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ አዲስ ስለወጣ ስልክና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይጽፋል፣ መልካም ነው። ግን እዚህ መንዝም ሆነ አንኮበር ያለ የ9ኛ ክፍል ልጅ ራሱ ሊሠራው የሚችል ነገር፣ በአማርኛ፣ ግማሽ ዓምድ እንኳ ብትሰጡት? ከዝላይ ጀምሩ። የእህቴ ልጅ አሁን ቁልፉ ቶሎ ሲለቀቅ ዝላዩ አጭር እንዲሆን እየሠራች ነው፣ ስትጨርስ እንዴት እንዳደረገችው ራሷ ትጽፍላችኋለች።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን