ሥራ ላይ የተጎዳችሁ አባላት፣ ከኪሳችሁ አትክፈሉ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ማሽን ጣቱን የቆረጠውን ወንድማችንን ቤቱ ሄደን ጠየቅነው። ሕክምናውን የከፈለው ከኪሱ ነው። አለቃው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎታል። እኔን ያንገበገበኝ እሱም ይህን ማመኑ ነው።

እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን ሌላ ነው፤ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትም እንደዚያው ይታያል። እጅ ማዳለጥ ሆን ብሎ መጉዳት አይደለም! አሠሪው ባቀረበው ሰርቪስ ስትመጡ ወይም ስትመለሱ የደረሰባችሁ አደጋም ይካተታል።

የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ታገኛላችሁ። በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ማነስ የለበትም።

አደጋ ሲደርስ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ። ያየ ሰው ስሙን ይጻፍ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትታከሙ ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካርዳችሁ ላይ ይስፈር። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ከጥጥ ብናኝ ጋር ስትሠሩ ደረታችሁ የሚታፈን እህቶችም ዝም አትበሉ፤ ሥራው ያመጣው በሽታም እንደ ጉዳት ይቆጠራል። ተመርመሩና ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።