ክብሪቱን ለከሰሉ ተዉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚሰማው «ክብሪት አምጡ!» ነው። የሚጥል ሕመም ያለባቸውን የምንከታተል ነርሶች ስለሆንን ስለዚች ክብሪት እንናገር። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫ ሥር እስኪደርስ ጊዜው ያልቃል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቷ ትወስዳለች። ጭሱ ምራቅ የሞላውን ትንፋሽ ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

እጃችሁ ሥራ ካማረው ጋቢ አጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ፤ ድንጋይና ፍም ከአጠገቡ አርቁ። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት፣ አረፋው ወደ ውጭ ይፍሰስ። አረፋው ሕመሙን አያጋባም፤ ሳትፈሩ ንኩት። እጅና እግሩን አትጫኑ፣ ትከሻ ሊወልቅ ይችላል። ማንኪያም አታስገቡ፤ ምላስ የሚነከሰው ገና ሲጀምረው ነው፣ ማንኪያው ሲደርስ የሚያገኘው የሚሰብረውን ጥርስ ብቻ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ በባጃጅም ቢሆን ወደ ሆስፒታል።

ይህ ሁሉ በድንጋጤ መሀል አይታሰብም፤ ቤተሰብ ሥራውን ቀድሞ ይከፋፈል። አንዱ ራሱን ይደግፋል፣ አንዱ ጎረቤቱን በር ላይ ያቆማል። ሰዓት መያዙን ለልጅ ስጡት፤ ሥራ የያዘ ልጅ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ቀልዱስ? ወሎዬ ያለ ጨዋታ ቡና አይጠጣም፣ «አትሳቁ» ብንልም ሰሚ የለንም። ጊዜውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ሰውየው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደናገራል፤ የማይያያዝ ነገር ይናገራል፣ ተነሥቶ ሊሄድ ይሞክራል። ያን ጊዜ መሳቅ ነውር ነው፤ በስሙ እየጠራችሁ «አብሽር፣ ቤትህ ነህ» በሉት። በደንብ ከነቃ በኋላ ግን ቀልዱን እሱ ይጀምረው። ረከቦቱን አየት አድርጎ «ቶናው አለፈኝ እንዴ?» ካለ፣ «በረካው ይጠብቅሃል» ነው መልሱ። ጫማውን አዛውሮ አድርጎ በሮጠው አጎትም ይሳቅ። ሽንት ባመለጠው ልብስ ግን ባለቤቱ ካልጀመረው ማንም አይቀልድ። እንዲህ የሚጨዋወት ቤት ያለው ሰው ሕመሙን መደበቅ ይተዋል፤ ኪኒኑን በሰው ፊት ይውጣል፣ «ዛሬ ሊጥለኝ ነው መሰለኝ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። የሚደብቀው ነው ኪኒኑን የሚዘለው።

የብዙዎቹ ኪኒን ፌኖባርቢታል ነው፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ በቀን አንዴ፣ ማታ ይወሰዳል። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻላል። በቀን ሁለቴ የሚወስዱ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጠበል የሚሄድም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ጠበሉ ኪኒን ጣሉ አይልም። በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል፣ ያ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ የሳምንት ኪኒን ሲቀር ለሚቀጥለው መሄድ እንጂ ባዶ ብልቃጥ መጠበቅ አይገባም። ያረገዘችም በራሷ እንዳታቆም፤ ለማርገዝ ስታስብ ሐኪሟን ታማክር፣ በተለይ ቫልፕሮት የሚባለውን ኪኒን የምትወስድ ከሆነ፣ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

እንቅልፍ ማጣት ከዋና ዋናዎቹ ቀስቃሾች አንዱ ነው፤ በጫትም ይንጋ በማኅሌት ለአንጎል ልዩነት የለውም። ከሦስት ጉልቻ ክፍት እሳት ዙሪያውን የተዘጋ ምድጃ ይሻላል፤ የሚያስፈራን ቃጠሎ ነውና። የመታጠቢያ ቤት በር ከውስጥ አይቀርቀር፣ ቦርከና ለመዋኘትም ብቻ አይኬድ። ባጃጅ መንዳቱ ደግሞ ይቅር።

ለ2 ዓመት ያልጣለው ሰው መድኃኒቱን ስለ ማቆም ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ይችላል፤ የሚቆመውም በወራት፣ ቀስ እየተባለ ተቀንሶ ነው።

ከደሴ