ፒያኖው ከተጫዋቹ ቀድሞ ደሴ ይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክራር ደርዳሪው ክራሩን፣ ማሲንቆ መቺው ማሲንቆውን አንግቶ ይጓዛል፤ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ፒያኖ የሚጫወት ሰው ግን በደረሰበት ሁሉ የሚጠብቀው የማያውቀው መሣሪያ ነው። የኮንሰርቱ ዕለት ደስታም ጭንቀትም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በቅርቡ ደሴ ላይ ያቀረብኩት ዝግጅት ይህንኑ አጉልቶ ስላሳየኝ፣ በወሎ የሙዚቃ መድረክ ለሚያሰናዱ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ በጋዜጣችሁ በኩል ለማድረስ እወዳለሁ።

ለዝግጅቱ የታሰበው ፒያኖ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጉዞ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባው በዋዜማው ምሽት ነበር። ፒያኖ ወደ 230 የሚጠጉ ክሮች አሉት፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር 20 ቶን ገደማ ይደርሳል። ይህን ጉልበት የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ ቢሆንም፣ ድምፁን አጉልቶ የሚያወጣው ስስ የእንጨት ገበታ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ እንደ አየሩ እርጥበትና ድርቀት ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ክሮቹንም ከቅኝታቸው ያወጣቸዋል። «ሳይጫን አዲስ አበባ ላይ ተቃኝቷል» የሚለው መልስ ያላረካኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ስሞክረው ከመካከለኛው በላይ ባሉት ድምፆች ላይ ጉድለቱ ወዲያው ታወቀኝ። በዚያ በኩል እያንዳንዱ ድምፅ የሚወጣው ከሦስት ክሮች በመሆኑ፣ አንደኛዋ ጥቂት ከላላች ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ቃኚው ክሮቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ እንደጀመረ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጓልና ውጡ ተባልን፤ ተመልሰን የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። የቀረው ጊዜ ወይ ለቅኝት ወይ ለልምምድ እንጂ ለሁለቱም ስለማይበቃ፣ ልምምዱን ትቼ ጊዜውን ለቃኚው ሰጠሁት፤ ነገም ቢገጥመኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። የአዳራሹ የፅዳት ሠራተኛ የሆኑ እናት «የኔ ልጅ፣ በዚህ ብርድ እጅህ እንዴት ይታዘዝልሃል?» ብለው ቡና ባያመጡልኝ ኖሮ፣ ትኩሱን ስኒ ይዤ ጣቶቼን የማፍታታበት ዕድል እንኳ አላገኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለክፍለ ሀገር መድረክ ይበዛል የሚል ሰው ቢኖር፣ የወሎን አድማጭ አያውቀውም ማለት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ ምድር ስም ያላቸው ናቸው። ፒያኖን በራሳቸው መንገድ ያናገሩትና በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በወጣትነታቸው ወደ ምንኩስና የገቡት እዚሁ፣ በግሸን ማርያም ነው። ማታ አምባሰልን ስጀምር ሕዝቡ ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ለይቶት አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። መሃል ላይ መብራት ሲጠፋም ከመቀመጫው የተነሣ አልነበረም፤ ፒያኖ ኤሌክትሪክ አይሻምና እኔም አላቋረጥኩም። ከዝግጅቱ በኋላ ግን አንድ በክራር ያረጁ አባት ወደ መድረኩ መጥተው፣ እጄን ጨብጠው «ልጄ፣ ደህና አድርገህ ተጫውተሃል፤ አንዷ ግን ወርዳለች» አሉኝ። የጠቆሙት፣ ቃኚው ጊዜ አጥሮት ሳይደርስባት የቀረችውን ድምፅ ነበር።

ስለዚህ አዘጋጆችን በትሕትና የምጠይቀው፣ ፒያኖው ከዝግጅቱ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ እንዲገባና ከአየሩ ጋር እንዲላመድ፣ ቅኝቱም እዚያው በሚጫወትበት አዳራሽ እንዲሠራ፣ የኮንሰርቱም ዕለት አዳራሹ ከጠዋት ጀምሮ ለሌላ ጉዳይ እንዳይሰጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደሴ ላይ አንድ ፒያኖ በቋሚነት እንዲቀመጥ የከተማው የባህል ተቋማትና ባለሀብቶች ቢተባበሩ ነው፤ ያን ጊዜ በየዝግጅቱ የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ ይቀራል፣ እዚሁ ለሚያድጉት የሙዚቃ ተማሪዎችም መለማመጃ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፒያኖ ተጫዋች